ስለ አንዲት የጉቴ እናትና ስለ ሐኪሙ ምላጭ

ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ ጉቴ ትገኛለች፤ በምሥራቅ ወለጋ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ቡናና ቅቤ እየሸጠች የምትኖር፥ ዕድሜዋ 46 ዓመት የሆነ፥ አራት ልጆች ወልዳ የሟች እኅቷንም ሕፃን ከራሷ ልጅ ጋር አጥብታ ያሳደገች አንዲት እናት አለች። በአንድ የሰኔ ማታ ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር በጣቷ ዳሰሰች። አላመማትም፤ ስላላመማትም ለማንም ሳትናገር ቀረች።

የዚህ በሽታ ተንኰሉ እዚህ ላይ ነው። ጥርስ የታመመ ሰው ይጮኻል፥ ቍርጥማትም ሌሊቱን ሙሉ ያነቃል፤ የጡት ነቀርሳ ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውምና ባለቤቱን አያስጠነቅቅም። ደግሞም የተቀመጠበት ስፍራ ሴት ለባሏ እንኳ ደፍራ የማታሳየው የኀፍረት ስፍራ ነው። ይህ ኀፍረት የጉቴ ሴቶች ብቻ አይደለም። ሄሮዶቱስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው የቂሮስ ልጅ፥ የዳርዮስ ሚስት አቶሳ በጡቷ ላይ ዕብጠት በወጣባት ጊዜ እያፈረች ደብቃ ኖረች፤ ከፈነዳና ከሰፋ በኋላ ብቻ ዴሞኬዴስ የሚባለውን ሐኪም ጠራች። የፋርስን መንግሥት ያህል ክብር ያላት ንግሥት ከደበቀች፥ በጉቴ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት ብትደብቅ ምን ይደንቃል?

በመስከረም ዕብጠቱ ትንሽ ሎሚ አከለ። ያን ጊዜ ነገሩን ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ርኅሩኅ ሰው ናቸውና አላሳፈሯትም፤ «ልጄ፥ ሁለት ሱባዔ ጸበል ተጠመቂ፤ ከዚያ በኋላ እናያለን» አሏት። ሁለቱ ሱባዔ ዐሥራ አራት ቀን ነው፤ እርሱም አለቀ። «ከዚያ በኋላ እናያለን» ለተባለው ነገር ግን ቀን አልተቈረጠለትም ነበር። መኸር ደረሰ፤ የታላቋ ልጇ ሰርግ ተደገሰ፤ የነቢያት ጾም ገባ፤ ልደት አለፈ። እርሷ አባቴ ይጠሩኛል ስትል፥ እርሳቸውም ሽሏት ይሆናል፥ ባይሻላት ትነግረኝ ነበር ሲሉ አራት ወር ሄደ።

ቄሱ ጸበል በማዘዛቸው የሚነቅፋቸው የለም። የጐደለው ሐኪም ቤት የሚለውን ቃል ከጸበሉ አጠገብ አለማስቀመጣቸው ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚናገረውን የማያውቅ ካህን አይገኝም፤ ዳሩ ግን ያወቁትን ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓት ማስታወስ ሌላ ሙያ ነው።

በጥር ወር ዕብጠቱ ከዶሮ ዕንቍላል በለጠ። የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተበሳስቶ ታየ፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ገባ፤ በብብቷ ውስጥ ንፍፊት ተቈጣጠረ። ከጉቴ ጤና ጣቢያ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ተላከች። ባሏ ከብት ሊሸጥ ርቆ ሄዶ ነበርና የንስሐ አባቷ አብረዋት ሄዱ። በዚያም ከዕጢው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ነቀርሳ መሆኑም ታወቀ። ወጣቱ ቀዳጅ ሐኪም በኦሮምኛም በአማርኛም እያስረዳ፥ ጡቱን በሙሉ ከብብቱ ንፍፊት ጋር ማውጣት እንደሚያስፈልግ ነገራት።

እርሷም አላለቀሰችም፤ ጠየቀች እንጂ። ከእኅቷ የተረከበቻት የጡት ልጇ ዛሬ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ትኖራለች፤ ብዙ የወለጋ ሰው ወደዚያ ሄዷልና። ይህች ልጅ በስልክ፥ «እናቴ፥ እዚህ አገር የሚያወጡት ዕጢውን ብቻ ነው፤ ጡት ሁሉ መቍረጥ የድሮ ነገር ነው፤ እሺ እንዳትያቸው» ብላት ነበር። እናቲቱም ይህንኑ ቃል ለሐኪሙ አደረሰች። «የኔ ልጅ፥ አንተ ያላወቅኸው አዲስ ጥበብ አለ ይላሉ» አለችው።

ሐኪሙ ሊቈጣ ይችል ነበር፤ አልተቈጣም። «አዴ፥ ልጅዎ ውሸት አልነገረችዎትም። እኔም ተምሬዋለሁ፥ እጄም ያውቀዋል። ነገር ግን እርሷ የነገረችዎት ግማሹን ነው» አላት።

የቀረው ግማሽ ይህን የመሰለ ታሪክ አለው።

ዊልያም ሃልስቴድ የተባለ የባልቲሞር ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ባወጣው ጽሑፍ ጡቱን በሙሉ፥ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ንፍፊት በአንድነት ነቅሎ ማውጣት እንደሚገባ አስተማረ። ነቀርሳ ከመነሻው ወደ ጎረቤቱ፥ ከጎረቤቱም ወደ ብብት ደረጃ በደረጃ ይሄዳል ብሎ ያምን ነበርና፥ ሰፋ አድርጎ የቈረጠ ሐኪም በሽታውን ቀድሞ ይዘጋበታል ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያህል የዓለም ሐኪሞች አብዛኞቹ ይህን ተከተሉ። ሴቶቹም ደረታቸው ጎድጕዶ፥ የጎድን አጥንታቸው ከቆዳቸው በታች እየታየ፥ ክንዳቸው አብጦ ይኖሩ ነበር። በ1948 ፔቲ የተባለ የለንደን ሐኪም ትልቁን የደረት ጡንቻ ሳይነኩ ጡቱንና የብብቱን ንፍፊት ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ከዚህ የወረደ ነው። እንግዲህ በነቀምቴም ቢሆን የሃልስቴድን አሠራር የሚሠራ የለም፤ ምላጩ እዚህም ጠብቧል።

ከዚያ በኋላ በርናርድ ፊሸር የተባለ አሜሪካዊ ተነሥቶ የሃልስቴድን ትምህርት ከሥሩ ጠየቀው። የነቀርሳ ሕዋሳት ገና ዕጢው ትንሽ ሳለ በደም ሊሄዱ ይችላሉና የሴቲቱን ሕይወት የሚወስነው የምላጩ ስፋት ብቻ አይደለም አለ። የብዙ ሐኪሞች ቍጣ ወረደበት። እርሱ ግን በ1976 በተጀመረ ጥናት 1,851 ሴቶችን በዕጣ ከፋፍሎ፥ ለአንዳንዶቹ ጡቱ በሙሉ፥ ለሌሎቹ ዕጢው ብቻ እንዲወጣ አደረገ። በኢጣሊያም ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በሚላኖ ከተማ በ1973 ጀምሮ 701 ሴቶችን እንዲሁ ፈተነ። የሁለቱም የሃያ ዓመት ውጤት በ2002 ታተመ፤ ጡታቸው የተረፈላቸውና ጡታቸው የወጣባቸው ሴቶች በሕይወት የመኖራቸው ልክ አልተለያየም።

የሚኒሶታይቱ ልጅ የሰማችው ይህን ነው። ባለ ቅኔዎች ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያልመረመረ ደቀ መዝሙር ምን እንደሚሉት ይታወቃል። የዚህ ነገር ሰሙ የተረፈው ጡት ነው፤ ወርቁ ጨረር ነው። በፊሸር ጥናት ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው የጨረር ሕክምና ካልተጨመረላቸው ሴቶች መካከል በሃያ ዓመት ውስጥ ከመቶው በ39ኙ በሽታው በዚያው ጡት ተመለሰ፤ ጨረር በተጨመረላቸው ግን በ14ቱ ብቻ ነው። ጨረሩም በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በቀድሞው ሥርዓት አምስት ሳምንት ያህል፥ ዛሬ በታጠረው ሥርዓት ሦስት ሳምንት ያህል ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መመላለስ ያስፈልጋል።

አሁን ይህን ወደ ጉቴ እናምጣው። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ሁሉ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ስፍራ በአዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛም ወራት ይቈጥር ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማም ተጀምሯል። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ጅማም በበደሌ በኩል ቀላል ጕዞ አይደለም፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በወለጋ ሰላም በታወከባቸው ወራት መንገዱ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ ነበረ። ለሳምንታት የሚከፈል የአልጋ ኪራይ፥ የምግብ ዋጋ፥ በቤት የቀሩ ልጆች፥ ያልተሸጠ ቅቤ ይታሰብ። ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ሴቲቱን ያለ ጨረር ወደ ቤቷ የሚሰድድ ሐኪም ጡቷን አተረፈላት አይባልም፤ በሽታውን አስቀመጠላት ይባላል እንጂ። ስለዚህ የነቀምቴው ሐኪም ሰፋ አድርጎ የሚቈርጠው አዲሱን መጽሐፍ ስላላነበበ አይደለም። ምላጩን የሚያሰፋው የመንገዱ ርዝመት ነው።

ሐኪሙ ይህን ከነገራት በኋላ አንድ ነገር ጨመረ። «ደግሞም አዴ፥ መንገዱ ባይኖርም እንኳ የእርስዎ ዕጢ ዛሬ አድጓል፤ ቆዳውን ይዟል፤ ወደ ብብትም ሄዷል። እንዲህ ሲሆን ልጅዎ ባለችበት አገርም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጡቱ ይወጣል። በመስከረም መጥተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምንመካከርበት ነገር ይኖረን ነበር።»

ቄሱ በወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር። «በመስከረም» የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ጣታቸው ቆመ። ሐኪሙ በመስከረም ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናቲቱም ወደ ቄሱ አልተመለከተችም። እንዳታሳፍራቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የእርሷ ነገር ከሌሎቹ የተለየ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 በተደረገው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት 16 ሺህ ያህል ሴቶች በጡት ነቀርሳ ይያዛሉ፤ ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዐይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሕመምተኞች ታሪክ ተሰብስቦ በታየ ጊዜ አብዛኞቹ ዕጢው ከገፋ በኋላ የመጡ ነበሩ። በምዕራብ ወለጋም በአይራ ሆስፒታል፥ የነቀርሳ ሐኪም በሌለበት ስፍራ፥ ጠቅላላ ቀዳጆች ያከሟቸው ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ታሪክ በ2018 ታትሟል። ከእነዚህ ሁለት ዓመት የኖሩት ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም። ይህን ያነበበ ሰው ቀዳጆቹን ሊወቅስ አይገባውም፤ ምላጩ የደረሰው በሽታው ከሄደ በኋላ ነውና።

በዚህም ላይ በሕዝቡ ዘንድ የጸና አንድ አባባል አለ፦ ይህን በሽታ ብረት ከነካው ይበረታል፥ ይሰራጫል፥ ይገድላል ይላሉ። እናቲቱ ከነቀምቴ በተመለሰች ማታ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ይህንኑ ነገሯት፤ አንዲቱም በምላጭ ተነክታ በዓመቱ የሞተች ዘመዷን በስም ጠራች። የዚህ አባባል መነሻ ድንቍርና ብቻ እንዳይመስል። ሕዝቡ ያየውን ነው የሚናገረው። ዘግይታ የሄደች ሴት ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ ቶሎ ትሞታለች፤ በሽታው በደሟ ቀድሞ መሄዱ አይታይም፥ የሚታየው ብረቱ ነው። እንዲህ ሲሆን መዘግየቱ ሞትን ይወልዳል፤ ሞቱ ፍርሃትን ይወልዳል፤ ፍርሃቱም ዳግመኛ መዘግየትን ይወልዳል።

ባሏ ከገበያ በተመለሰ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። የፈራችው ከምላጩ ይልቅ ይህን ሰዓት ነበር። በአገራችን ጡት ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የዝምድና ማኅተም ነው። ያልወለደውን ሰው የጡት ልጅ ብሎ ያሳድጋል፤ ውለታ የበላውንም ጡት ነካሽ ይለዋል። አምስት ነፍስ ያሳደገ ጡት ተቈርጦ በሆስፒታል ጕድጓድ ሲጣል ሴቲቱ ስለ መልኳ ብቻ የምታዝን የሚመስለው ሰው ነገሩን አልተረዳም። ባሏም ብዙ ዝም አለ። ኋላም ተነሥቶ ወደ በረት ሄደ፤ ያልሸጠውን አንዱን ወይፈን በማግሥቱ ሸጠው። የተናገረው ቃል የለም፤ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥሮ በእጇ አኖረው።

በሚኒሶታ ያለችው ልጅ አዲስ አበባ ሄደሽ ታከሚ፥ ወጪውን ሁሉ እኔ እችላለሁ ብላ ለመነቻት። ሐኪሙም ይህን በሰማ ጊዜ አልተቃወመም፤ ተራው እስኪደርስ የሚያልፈውን ወር ግን አሰላላት። እናቲቱም አሰበች፤ በነጋዴ ስሌት አሰበችው። ጡት ለማትረፍ የሚጠበቀው ወር ሕይወትን የሚያስከፍል ከሆነ ዋጋው አልተስማማትም። ለልጇም በስልክ፥ «አንቺ የጠባሽው የቀኙን ነበር፤ የግራው የወንድምሽ ነው» አለቻት። እውነት ይሁን ልጇን ለማሳቅ የተናገረችው ይሁን አይታወቅም። ልጅቱ ግን በስልኩ ውስጥ አለቀሰች።

በየካቲት ወር ኦፕራሲዮን ሆነች። ጡቱና የብብቱ ንፍፊት ወጣ። በሠለጠኑት አገሮች ከብብቱ የመጀመሪያውን ንፍፊት ብቻ በቀለም ወይም በጨረር ምልክት ፈልገው አውጥተው ይመረምራሉ፤ እርሱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የቀሩትን ይተዋሉ። ይህ ግን ብብታቸው ገና ንጹሕ ለሚመስል ሴቶች ነው፥ ለእርሷ አይደለም፤ የሚሠራበትም መሣሪያ በብዙ ስፍራ የለም። ንፍፊቱ ሁሉ ሲወጣ የክንዱ ውሃ መመለሻ መንገድ ያጣልና ክንድ የሚያብጥባቸው አሉ። ስለዚህ ነርሷ ጣቶቿን በግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እንድታራምድ አስተማረቻት፤ ያን እጇንም ከእሾህና ከእሳት እንድትጠብቅ ነገረቻት። እንጀራ ለሚጋግር ሰው እጅን ከምጣድ መጠበቅ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ዛሬ ምጣዱን የምትዘረጋውም የምታወጣውም በቀኝ እጇ ብቻ ነው።

ከዚያም ኬሞ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ተሰጣት፤ ጠጕሯ ረገፈ፥ ሻሽ አሰረች። ለጨረርም ስሟ ተመዝግቦ ተራዋን እንድትጠብቅ ተደረገ፤ ዕጢው ያን ያህል ላደገባት ሴት ጡቷ ከወጣ በኋላም ጨረር ይታዘዛልና። በመጨረሻም ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን ተሰጣት፤ በቀን አንድ፥ አምስት ዓመት ሙሉ። ይህ ኪኒን የሚጠቅመው ዕጢያቸው የሴትን ሆርሞን የሚቀበል ለሆነ ሴቶች ነው። በአዲስ አበባ በተደረገው ምርመራ እንዲህ ያሉት ከሦስት ሁለት እጅ ያህል ሆነው ተገኝተዋል፤ የእርሷም ከእነዚሁ ነበር። ዋጋው ከሌላው ሕክምና ሁሉ የቀለለ ነው፤ አስቸጋሪው ግን ይህ ነው፦ ጡቷ የወጣ ሴት በሽታው ከጡቱ ጋር የተጣለ ይመስላታል። ቍስሉ ሲድን ኪኒኑን ታቆማለች። ምላጭ የሚታየውን ያወጣል፤ በደም የሄደውን የማይታየውን የሚጠባበቀው ያ ትንሽ ኪኒን ነው። ቀዳጁ በሁለት ሰዓት ሥራውን ይጨርሳል፤ የኪኒኑ ሥራ ግን አምስት ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ የሴቲቱን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ ቄሱ የሚነገር አንድ ነገር ቀርቷል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በመጀመሪያ ሊጠይቋት በመጡ ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው አልገባም አሉ። «ልጄ፥ አራቱን ወር የወሰድሁብሽ እኔ ነኝ» አሏት። እርሷም፥ «አባ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ማን ወሰደው? ይግቡ፥ ቡናው ፈልቷል» ብላ አስገባቻቸው። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው አልተነገረም። ነገር ግን በየወሩ መጀመሪያ ቤቷ እየመጡ የኪኒኑን ካርቶን ያያሉ፤ የተዋጠውን ባዶ ስፍራ በመቍጠሪያ ልማድ አንድ በአንድ ይቈጥራሉ። አንድ ጊዜ ሦስት ኪኒን ተርፎ ቢያገኙ ነቀምቴ ለገበያ ሄጄ ረስቼ ነው አለች፤ እርሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስትወጣ የምትይዘው በጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት አመጡላት።

ጸበል ለሚጠይቋቸው ሴቶችም ጸበሉን አልከለከሉም። በጡቷ ዕብጠት ያገኘች ሴት ስትመጣ ግን ጠዋት ተጠመቂ፥ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ድረሺ፤ ነገ አይደለም፥ ዛሬ ይላሉ፤ ማታም መድረሷን ሰው ልከው ይጠይቃሉ። እንዲህ አድርገው እስካሁን ሁለት ሴቶች ልከዋል። አንደኛይቱ የምታጠባ ወጣት ነበረች፤ ወተት ቋጥሮባት ሆኖ ተገኘ፥ በመድኃኒት ዳነች። የሁለተኛይቱ ዕብጠት የባቄላ ፍሬ ያህል ነው፤ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ሄዷል፥ ውጤቱ ገና አልመጣም።